ትምህርት ዐሥራ አንድ፦ አጥቦ፥ አድርቆ፥ ፍቆ መቀባት (የአሠራር ድርሰትና ቦዝ አንቀጽ)

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትፈጽሙ፦

ሀ) አንድ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ድርሰት በትክክለኛ ቅደም ተከተል ለመጻፍ፥
ለ) ቦዝ አንቀጽን ለይታችሁ ለማወቅና በሚገባው ቦታ ለመጠቀም፥
ሐ) «አጥቦ ቀባ»፥ «ሳያጥብ ቀባ»፥ «እያጠበ ቀባ»፥ «እንዳጠበ ቀባ» በሚሉት አነጋገሮች መካከል ያለውን የትርጉም ልዩነት ለማስረዳት ትችላላችሁ።

1. መግቢያ

ባለፉት ትምህርቶች ታሪክን የሚተርክና ቦታን የሚገልጽ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ ተመልክታችኋል። አሁን የምንመለከተው ሌላ ዐይነት ድርሰት ነው። ይኸውም አንድ ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚከናወን የሚያስረዳ የአሠራር ድርሰት ነው።

የአሠራር ድርሰት ከተራኪ ድርሰት የሚለይበት አንድ ዋና ነገር አለ። ተራኪው የታሪኩን መጨረሻ አስቀድሞ መጀመሪያውን ቢያስከትል አንባቢው በዚህ አይጎዳም፤ እንዲያውም ሊደሰት ይችላል። በአሠራር ድርሰት ግን ቅደም ተከተሉ ከተፋለሰ ሥራው ይበላሻል፤ አንዳንድ ጊዜም ሠራተኛው አደጋ ላይ ይወድቃል።

ለዚህ ትምህርት በምሳሌነት የመረጥነው ሥራ የአሮጌ መኪናን የታችኛ አካል ከዝገት መጠበቅ ነው። ይህን የመረጥንበት ምክንያት የሥራው ምስጢር በቅደም ተከተሉ ላይ ስለሆነ ነው። የሚቀባው ቅባት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፥ ከእርሱ በፊት መሠራት የሚገባው ካልተሠራ ጥቅም አይሰጥም። የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ አንብቡት። ከዚያም እንደገና ስታነቡት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው የሚያሸጋግሩትን ቃላት በደብተራችሁ መዝግቡ።

2. ምንባብ

የማይታየው አካል

አሮጌ መኪና ለመግዛት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ቀለሙን ያያል፤ ወንበሩን ይዳስሳል፤ ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን ያዳምጣል። የመኪናው ዕድሜ የሚወሰነው ግን ጎንበስ ብሎ የሚያየው ሰው በማይገኝለት ክፍል ነው። ሞተር ቢደክም ይታደሳል፤ ጎማ ቢያልቅ ይለወጣል፤ ቀለም ቢደበዝዝ እንደገና ይቀባል። ወለሉና ሻንሲው በዝገት ከተበሉ ግን የታደሰውን ሞተርና አዲሱን ቀለም የሚሸከም መሠረት አይኖርም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ዛሬም ሲሄድ የሚታየው፥ ሕዝቡ «ቮልስ» እያለ የሚጠራው ቮልስዋገን ቢትል ነው። ይህ መኪና እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ፥ የመጨረሻው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003) በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ካለው ፋብሪካ ወጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። እንግዲህ ዛሬ የምናየው የዚህ ዐይነት መኪና ሁሉ ከ20 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ከነጂዎቻቸው በዕድሜ የሚበልጡም አሉ። መኪናው ዳግመኛ ስለማይሠራ፥ ለሚወደው ሰው ያለው አማራጭ ያለውን መጠበቅ ነው።

ዝገት የሚፈጠረው ብረት ከውሃና በአየር ውስጥ ካለው ኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ ነው። ውሃ ብቻውን ወይም አየር ብቻውን ብረትን በቀላሉ አያዝግም፤ የሚያዝገው የሁለቱ መተባበር ነው። አሉሚኒየም የተባለው ማዕድን ከኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ በላዩ ላይ ስስና ጥብቅ የሆነ ሽፋን ይፈጠርና ውስጡን ይጠብቅለታል። የብረት ዝገት ግን ልል ስለሆነ ውሃንና አየርን ያሳልፋል። ደግሞም ከተፈጠረበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፥ በላዩ ያለውን ቀለም ከሥር እየገፋ ያነሣዋል። ስለዚህ ዝገት አንድ ጊዜ ከጀመረ በራሱ አይቆምም።

ጨው ይህን ሥራ ያፋጥነዋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ አገሮች በቀዝቃዛው ወራት በረዶን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ይበተናል፤ በዚያ የሚሄዱ መኪኖች የታችኛ አካላቸው ቶሎ የሚበላውም በዚህ ምክንያት ነው። በባሕር ዳርቻ ከተሞችም ነፋሱ ራሱ ጨው ያዘለ ነው። በእኛ አገር ደጋማ ከተሞች ዋናው ጠላት የክረምት ጭቃ ነው። ጭቃ በፓራፋንጎው ውስጥና በወለሉ መጋጠሚያዎች ላይ ተለጥፎ ሲቀር፥ እንደ እርጥብ ጨርቅ ውሃውን ይዞ ይቆያል። ዝናቡ አቁሞ መንገዱ ከደረቀ በኋላም መኪናው ከሥሩ ለብዙ ቀን እርጥብ ነው።

በቮልስ ዝገት የሚወዳቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ባትሪው የተቀመጠበት ወለል ነው። ከባትሪው የሚያንጠባጥበው አሲድ ቀለሙን ያነሣውና ብረቱን ራቁቱን ያስቀረዋል። ሁለተኛው በሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚያልፈው የማሞቂያ ቦይ ነው። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ፥ የሞቀው አየር ወደ ፊት የሚመጣው በዚህ ቦይ ውስጥ ነው። ቦዩ ከአየር ማስተላለፊያነቱ ሌላ የመኪናውን አካል አጠንክሮ የሚይዝ በመሆኑ፥ ሲበላ መኪናው በሙሉ ይደክማል። ሦስተኛው ጎማዎቹ ጭቃ የሚረጩበት የፓራፋንጎ ውስጠኛ ክፍል ነው።

ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በብዙ አሮጌ መኪኖች የፍሬን ዘይት የሚያልፈው በመኪናው ሥር በተዘረጉ ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ውስጥ ነው። እነዚህ ቱቦዎች በዝገት ሳስተው ሊፈነዱ የሚችሉት፥ ነጂው ፍሬኑን አጥብቆ በረገጠበት፥ ማለትም ፍሬን እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው።

ታዲያ የታችኛውን አካል እንዴት መጠበቅ ይቻላል? ለሥራው የሚመቸው ጊዜ በጋ ነው። በመጀመሪያ መኪናውን በደልዳላና በጠንካራ መሬት ላይ አቁሞ፥ መሬት ላይ የሚቀሩትን ጎማዎች በታኮ አግዶ በክሪክ ማንሣት ነው። ከዚያም ክብደቱን በሚችል የብረት መደገፊያ ላይ አሳርፎ፥ መደገፉን በእጅ ገፋ አድርጎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም ሰው መግባት የለበትም። ክሪክ ማንሻ እንጂ መደገፊያ አይደለም፤ ቢንሸራተት ከሥሩ ያለውን ሰው ይገድላል።

ቀጥሎ ጭቃውን በእንጨት ፈቅፍቆ፥ የቀረውን በብዙ ውሃ አጥቦ ማስለቀቅ ነው። ከታጠበ በኋላ በሚገባ መድረቅ አለበት። ፊቱ በአንድ ቀን ፀሐይ ይደርቃል፤ በመጋጠሚያዎች ውስጥ የገባው ውሃ ግን ብዙ ቀን ሊወስድ ይችላል።

ብረቱ ሲደርቅ ምርመራው ይጀመራል። በካቻቪቴ እጀታ ወለሉን ቀስ እያሉ ሲመቱት፥ ጤናማው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተበላው ደግሞ የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የተበሳ ቦታ ከተገኘ የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል። ብየዳው መቅደም የሚገባው የእሳቱ ሙቀት ቅቡን ስለሚያቃጥለው ነው።

ከዚህ በኋላ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፥ የሚያበራው ብረት ሲታይ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማንሣት ነው። በአሮጌ ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖር ስለሚችል፥ የሚፍቀው ሰው ዐይኑን በመነጽር፥ አፍንጫውንና አፉን በአቧራ መከላከያ መሸፈን ይገባዋል። ብረቱ እንደ ተራቆተ ማደር የለበትም። በዚያው ቀን አንቲረስት ይቀባል። ዚንክ ያለበት አንቲረስት ከተገኘ የተሻለ ነው። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ቶሎ የማይዝገው በዚንክ ስለተለበጠ ነው፤ ለበጡ ጥቂት ቢጫርም ዚንኩ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያቆይለታል።

አንቲረስቱ ሲደርቅ የላይኛው ሽፋን ይከተላል። ለዚህ ቀለም፥ ሬንጅነት ያለው ቅባት፥ ወይም ሰምነት ያለው ቅባት ሊመረጥ ይችላል። ሬንጅነት ያለው ጠጠርን በደንብ ይከላከላል፤ ነገር ግን ሲያረጅ ደርቆ ይሰነጠቅና ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከሥሩ ይተኛል። ሰምነት ያለው ግን ልስልስ ሆኖ ስለሚቆይ በቀላሉ አይሰነጠቅም፤ ይሁንና በውሃና በጠጠር እየተገፈፈ ስለሚያልቅ በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል። እንደ ማሞቂያው ቦይ ያሉት ክፍት ክፍሎች የሚጠበቁት በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ በሚረጭ ሰም ነው። የፍሬን ክፍሎች፥ የላስቲክ ቱቦዎችና የጭስ ማውጫው ግን ፈጽሞ መቀባት የለባቸውም። ውሃ ማስወጫ ቀዳዳዎቹም እንዳይደፈኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ የተደፈነ ቀዳዳ ውሃውን ከውስጥ ያቁረዋል።

ሁለት ጎረቤታሞች ሁለት ተመሳሳይ ቮልሶች አሏቸው እንበል። አንደኛው በሰኔ ዝናቡ ሊጠነክር ሲል መኪናውን አሳጥቦ፥ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሥሩን ሬንጅ አስቀባ። ሁለተኛው በየካቲት አንድ ሳምንት ሙሉ ወስዶ አጠበ፥ አደረቀ፥ ፋቀ፥ ከዚያም ቀባ። በመስከረም ሁለቱም ጎንበስ ብለው ቢመለከቱ የሁለቱም መኪኖች ሥር ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ነው፤ ልዩነት አይታይም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን የአንደኛውን ወለል ካቻቪቴ ሲነካው ይበሳል። ሬንጁ ውሃውን ከውጭ አልከለከለም፤ ከውስጥ ዘግቶ አስቀረው እንጂ። ባለቤቱም ጥቁሩን ሽፋን እያየ ስለተማመነ፥ ከሥሩ ያለውን ጉዳት ለማየት የሚያስችለው ምልክት አልነበረውም። ሁለቱ ባለመኪናዎች የተለያዩት በቅባቱ ዋጋ ሳይሆን በሁለት ቃላት ነው፤ እነርሱም «አድርቆ» እና «ፍቆ» ናቸው።

3. የቃላት ፍቺ

ልል — ያልጠበቀ፥ ውሃና አየር የሚያሳልፍ
መጋጠሚያ — ሁለት ላሜራዎች የተያያዙበት መሥመር
ታኮ — ጎማ እንዳይንከባለል ከፊቱና ከኋላው የሚደረግ ማገጃ
ላሜራ — ስስ የብረት ዝርግ
አንቲረስት — ዝገትን ለመከላከል ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ ቀለም
ሳሳ — ቀጠነ፥ ጥንካሬው ቀነሰ
አቆረ — ውሃን በአንድ ቦታ ይዞ አስቀረ

4. ሰዋስው፦ ቦዝ አንቀጽ

በምንባቡ ውስጥ «አቁሞ»፥ «አግዶ»፥ «አሳርፎ»፥ «ፈቅፍቆ»፥ «አጥቦ»፥ «ፍቆ»፥ «ጠርጎ» የሚሉትን ቃላት አግኝታችኋል። እነዚህ ቃላት ድርጊትን ይገልጻሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን ዓረፍተ ነገርን አይዘጉም። «ሠራተኛው ዝገቱን ፍቆ» ብላችሁ ብታቆሙ፥ የሚሰማችሁ ሰው «ፍቆ ምን አደረገ?» ብሎ ይጠብቃል። እንደዚህ ያለው ግሥ ቦዝ አንቀጽ ይባላል። ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግሥ ደግሞ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል።

ምሳሌ፦ ሠራተኛው ዝገቱን ፍቆ፥ አቧራውን ጠርጎ፥ አንቲረስት ቀባ።

በዚህ ዓረፍተ ነገር «ፍቆ» እና «ጠርጎ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ «ቀባ» ማሰሪያ አንቀጽ ነው።

ሀ) የቦዝ አንቀጽ እርባታ

እኔ አድርቄ፥ ቀብቼ
አንተ አድርቀህ፥ ቀብተህ
አንቺ አድርቀሽ፥ ቀብተሽ
እርስዎ አድርቀው፥ ቀብተው
እርሱ አድርቆ፥ ቀብቶ
እርሷ አድርቃ፥ ቀብታ
እኛ አድርቀን፥ ቀብተን
እናንተ አድርቃችሁ፥ ቀብታችሁ
እነርሱ አድርቀው፥ ቀብተው

በቦዝ አንቀጽ ላይ «አለ» የሚለው ረዳት ግሥ ሲጨመር ግን ዓረፍተ ነገሩን መዝጋት ይችላል። «አድርቆ» ሥራው እንደሚቀጥል ያመለክታል፤ «አድርቋል» የማድረቁ ሥራ እንዳለቀ ይናገራል።

ለ) ቦዝ አንቀጽ ቅደም ተከተልን እንደሚያሳይ

ብዙ ቦዝ አንቀጾች ሲከታተሉ፥ አስቀድሞ የተነገረው ድርጊት አስቀድሞ የተፈጸመ ሆኖ ይወሰዳል። ስለዚህ «አጥቦ፥ አድርቆ፥ ፍቆ ቀባ» የሚለው አራት ሥራዎችን በተራቸው አስቀምጧል። «በመጀመሪያ»፥ «ቀጥሎ»፥ «ከዚያ በኋላ» የሚሉት ቃላት ባይጨመሩም ተራው ግልጽ ነው። አሁን የሚከተሉትን አራት ዓረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. ወለሉን አጥቦ ቀባ።
2. ወለሉን ሳያጥብ ቀባ።
3. ወለሉን እያጠበ ቀባ።
4. ወለሉን እንዳጠበ ቀባ።

በአንደኛው ዓረፍተ ነገር ማጠቡ አልቆ መቀባቱ ተከትሏል። በሁለተኛው ማጠቡ ፈጽሞ አልተደረገም። በሦስተኛው ሁለቱ ሥራዎች በአንድ ጊዜ ተሠርተዋል፤ ይህም እርጥቡን ከቅባት ጋር መቀላቀል ነው። በአራተኛው ማጠቡ እንዳለቀ ወዲያው፥ ያለ ምንም ፋታ፥ መቀባቱ ተጀምሯል። አራተኛው ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ነው፤ ሠራተኛው ማጠቡን ስላልዘለለ ሥራውን በሚገባ የሠራ ይመስለዋል። የዘለለው ግን ማድረቁን ነው።

አንደኛውንም ዓረፍተ ነገር እንደገና ተመልከቱት። ስለ ማድረቅ ምንም አልተናገረም፤ ስለዚህ ለሚሠራው ሰው አይበቃም። የተሟላው አነጋገር «አጥቦ፥ አድርቆ ቀባ» የሚለው ነው።

ሐ) የቦዝ አንቀጽ አሉታ

የቦዝ አንቀጽ አሉታ በ«ሳ» ይጀምራል፦ አጥቦ — ሳያጥብ፤ አድርቆ — ሳያደርቅ፤ ፍቆ — ሳይፍቅ፤ መርምሮ — ሳይመረምር። ይህ አሉታ ሁለት ትርጉሞች አሉት። አንዳንድ ጊዜ ድርጊቱ ፈጽሞ እንዳልተደረገ ይገልጻል፦ «ዝገቱን ሳይፍቅ ቀባው»። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ «ከመሆኑ በፊት» ማለት ነው፦ «ክረምቱ ሳይገባ መኪናውን አሠራው»። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ሁለተኛውን ትርጉም የያዘ ነው፤ እሳቱ ከመስፋፋቱ በፊት በቅጠል ይጠፋል ማለት ነው። ዝገትም እንዲሁ ነው፤ ሳይበሳ በብሩሽ ይለቃል፤ ከበሳ በኋላ ብየዳ ይጠይቃል።

መ) የቦዝ አንቀጽ ባለቤት

ቦዝ አንቀጹና ማሰሪያ አንቀጹ አንድ ባለቤት ካላቸው ዓረፍተ ነገሩ ቀና ነው። ባለቤቶቹ የተለያዩ ከሆኑ ግን ሁለቱንም ለይቶ መናገር ያስፈልጋል።

ምሳሌ፦ ሠራተኛው አንቲረስቱን አድርቆ ሰም ቀባ። (የሁለቱም ባለቤት ሠራተኛው ነው።)
አንቲረስቱ ደርቆ ሠራተኛው ሰም ቀባ። (የ«ደርቆ» ባለቤት አንቲረስቱ፥ የ«ቀባ» ባለቤት ሠራተኛው ነው።)
ሠራተኛው ደርቆ ሰም ቀባ። (ይህ ትክክል አይደለም፤ የደረቀው ሠራተኛው ራሱ ሊመስል ነው።)

5. የድርሰት ትምህርት፦ የቃልና የጽሑፍ መመሪያ

አንድ መካኒክና ረዳቱ ሲሠሩ የሚከተለውን ይነጋገራሉ እንበል።

«ጋሼ፥ አጥቤ ጨርሻለሁ። ልቀባ?»
«ደረቀ ወይ?»
«አዎን፥ ደርቋል።»
«ላዩን ማለትህ ነው። እጅህን መጋጠሚያው ውስጥ ስደድና ንገረኝ።»
«. . . ይረጥባል፥ ጋሼ።»
«እንግዲያው ቀለሙን ክደነው። ነገ እናየዋለን።»

መካኒኩ ልጁን ከስሕተት ያዳነው በአጠገቡ ስለነበረ ነው። የልጁን መልስ ሰምቶ ጥያቄውን ደገመለት። ጽሑፍ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። መመሪያችሁን የሚያነበው ሰው «ደረቀ» ብሎ ሲያስብ ወረቀቱ «መጋጠሚያውን ንካው» ብሎ አይመልስለትም። ስለዚህ የአሠራር ድርሰት የሚጽፍ ሰው፥ በአጠገብ ቢሆን ኖሮ የሚጠይቀውን ጥያቄ ሁሉ አስቀድሞ አስቦ በየቦታው መጻፍ አለበት። አንባቢያችሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳይሆን በመኪናው ሥር ተኝቶ እንደሚሠራ ቁጠሩት።

የአሠራር ድርሰት ስትጽፉ የሚከተሉትን ሕጎች ጠብቁ።

ሀ) ከመጻፋችሁ በፊት ሥራዎቹን በአጭሩ በተራ ቁጥር ዘርዝሩ። አንዱ ከሌላው በፊት የመጣበትን ምክንያት ራሳችሁን ጠይቁ። ምክንያቱን መመለስ ካልቻላችሁ ተራው ትክክል ስለመሆኑ ገና እርግጠኞች አይደላችሁም።

ለ) ለአደጋ የሚዳርግ ነገር ካለ ማስጠንቀቂያው ከሥራው በፊት ይምጣ። «በመኪናው ሥር ገብታችሁ ጭቃውን አስለቅቁ። መኪናው አስቀድሞ መደገፍ አለበት» የሚል መመሪያ ማስጠንቀቂያውን ያመጣው አንባቢው ከሥሩ ከገባ በኋላ ነው።

ሐ) አንድ ሥራ ማለቁ የሚታወቅበትን ምልክት ግለጹ። «በደንብ ፋቁ» ከማለት ይልቅ «የሚያበራው ብረት እስኪታይ ድረስ ፋቁ» ማለት ይሻላል። «በደንብ» የሚለው ቃል ለእያንዳንዱ ሰው የተለያየ ትርጉም አለው፤ የሚያበራ ብረት ግን ለሁሉም አንድ ነው።

መ) በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሦስት ወይም ከአራት በላይ ቦዝ አንቀጾችን አትደርድሩ። ሲበዙ አንባቢው ማሰሪያውን ሳያገኝ ይደክማል፤ አንዱንም ሊዘልል ይችላል። ከባድ የሆነውን ሥራ ለብቻው በአጭር ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ሠ) በድርሰቱ ውስጥ አነጋገራችሁን አትለዋውጡ። «ማጠብ ነው» ብላችሁ ከጀመራችሁ በዚያው ቀጥሉ፤ «እጠቡ» ካላችሁም እስከ መጨረሻው በትእዛዝ አንቀጽ ጻፉ።

6. መልመጃዎች

መልመጃ አንድ። ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የብረት ዝገት ውስጡን እንደ አሉሚኒየም ሽፋን የማይጠብቀው ለምንድን ነው?
2. ዝናቡ ካቆመ በኋላም ጭቃ ብረትን የሚጎዳው እንዴት ነው?
3. የማሞቂያው ቦይ ሲበላ መኪናው በሙሉ የሚደክመው ለምንድን ነው?
4. ብየዳ ከመቀባት በፊት መምጣት ያለበት ለምንድን ነው?
5. በመስከረም የሁለቱ ጎረቤታሞች መኪኖች ልዩነት ያልታየው፥ በኋላ ግን የታየው ለምንድን ነው?

መልመጃ ሁለት። በቅንፍ ውስጥ ያሉትን ግሦች ወደ ተገቢው ቦዝ አንቀጽ ለውጡ።

1. እኛ መኪናውን በመደገፊያ ላይ (አሳረፍን) ሥራ ጀመርን።
2. እኅቴ ባትሪውን (አወጣች) ወለሉን መረመረች።
3. እናንተ አቧራውን (ጠረጋችሁ) አንቲረስት ቀባችሁ።
4. አባባ፥ ቀለሙን (ክደኑ) ይግቡ።

መልመጃ ሦስት። የሚከተሉትን ሥራዎች በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስቀምጡ። ከዚያም ቦዝ አንቀጽ በመጠቀም ከሦስት በማይበልጡ ዓረፍተ ነገሮች ጻፏቸው።

አንቲረስት መቀባት፤ በክሪክ ማንሣት፤ ሰም መርጨት፤ ማድረቅ፤ የተበላውን ቆርጦ መበየድ፤ በመደገፊያ ላይ ማሳረፍ፤ ማጠብ፤ ዝገቱን መፋቅ፤ በታኮ ማገድ፤ መመርመር።

መልመጃ አራት። የሚከተለው አንቀጽ አምስት የአሠራር ስሕተቶች አሉበት። ስሕተቶቹን ለይታችሁ፥ እያንዳንዱ በመኪናው ወይም በሠራተኛው ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ግለጹ፤ ከዚያም አንቀጹን አርማችሁ ጻፉት።

«መኪናውን በክሪክ አንሥታችሁ ከሥሩ ግቡ። ጭቃውን እንዳጠባችሁ አንቲረስት ቀቡ። ዝገቱን በኋላ ፋቁት። የጭስ ማውጫውንም ሳትረሱ ቀቡት። ውሃ እንዳይገባ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ድፈኑ።»

መልመጃ አምስት (የተግባር ሥራ)። አራት ዚንክ ያልተቀቡ ምስማሮችን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ በአራት ብርጭቆዎች አስቀምጡ። አንደኛው ብርጭቆ ደረቅ ይሁን፤ ክዳንም ይኑረው። በሁለተኛው ምስማሩ እስኪሸፈን ድረስ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ጨምራችሁ፥ በላዩ ዘይት አድርጉበት፤ መፍላቱ በውሃው ውስጥ ያለውን አየር ያስወጣዋል፤ ዘይቱም ሌላ አየር እንዳይገባ ይከለክላል። በሦስተኛው ያልፈላ ውሃ አድርጉ። በአራተኛው ጨው የተጨመረበት ውሃ አድርጉ። ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ያያችሁትን መዝግባችሁ፥ ሙከራውን እንዴት እንደሠራችሁና ምን እንዳገኛችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ቦዝ አንቀጾቹን ከሥራቸው አስምሩባቸው።

መልመጃ ስድስት (ድርሰት)። ከሚከተሉት በአንዱ ርእስ ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው የአሠራር ድርሰት ጻፉ።

ሀ) አዲስ የሸክላ ምጣድ እንዴት እንደሚሟሽ
ለ) ቡና ከማጠብ እስከ መቅዳት
ሐ) የዛገ የብረት በር እንዴት እንደሚታደስ

ድርሰቱን ስትጨርሱ ያንን ሥራ ሠርቶ ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡትና ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ በጽሑፋችሁ ብቻ እየተመራ ያስረዳችሁ። እናንተ ዝም ብላችሁ አዳምጡት። ቆም ብሎ የሚጠይቃችሁን ቦታ ሁሉ በኅዳጉ ምልክት አድርጉበት፤ በዚያ ቦታ የዘለላችሁት አንድ ሥራ ይኖራል። ያን ጨምራችሁ ድርሰቱን እንደገና ጻፉት።